የምትኬን ጦስ ማን ተሸከመው

ቀረብ በሉ ልጆቼ። ቀረብ፣ ቀረብ። አንተ፣ ከበሩ ላይ ተነሣ፣ ነፋሱ ያገኝሃል። አንቺም ያቺን እግርሽን ሰብስቢ። ሰማችሁት ዝናቡን? የጳጉሜ ዝናብ ነው። የጳጉሜ ዝናብ እንደ ሐምሌው አይቆጣም፤ መጣሁ ሳይል ይመጣል፣ ፀሐይቱንም አያባርራት፣ አብረው ይወርዳሉ። በሩፋኤል ዕለት ሲዘንብ ደግሞ ጠበል ነው ይባላል። እናንተም ዛሬ ጠዋት ራቁታችሁን ስትቦርቁበት አይቻችኋለሁ፤ አላየችንም ብላችሁ ነበር። እንግዲህ ስለዚያ ዝናብ አንድ ተረት ልንገራችሁ። እየዞረ የሚመለስ ተረት ነው፤ እኔ ስመልሰው እናንተም አብራችሁኝ መልሱ። የሚያሳዝን ነገር አለበት። ቢያስለቅሳችሁ አልቅሱ፣ አልከለክልም።

ዋርካ ሥር በምትባል መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏን ጎርፍ ወስዶባታል። የመጀመሪያ ልጇን፣ ወንዱን፣ ኩፍኝ ወስዶባታል። የቀረቻት አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ አባቷ ሲሞት ገና በእናቷ ሆድ ነበረች፣ በሄደው ምትክ የመጣች ናትና ምትኬ አለቻት። ምትኬ እንደ እናንተው ያለች ናት፤ ጥርሷ የወለቀ፣ ጉልበቷ የተላጠ፣ አፏ የማያርፍ።

ታዲያ ያቺ አፏ የማያርፍ ልጅ አንድ ቀን ዝም አለች። እህል እምቢ አለች። ውሃ ሲሰጧት ከንፈሯን አርጥባ ትመልሳለች። ከምድጃው አጠገብ ተኝታ ዓይኗ ብቻ ይንከራተታል።

መንደርተኛው ምን አለ? "ተበልታ ነው" አለ። ማን በላት? "ማን ይሆናል፣ ያቺ ናታ!"

ያቺ የሚሏት እማማ ጀማነሽን ነው። ጀማነሽ ከመንደሩ ዳር ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ሸክላ ሠሪ ናት። ሰው እሷ በሠራችው ድስት ወጡን ይሠራል፣ እሷ በሠራችው እንስራ ውሃውን ይቀዳል፤ እሷን ግን ቡዳ ናት ብሎ ደጁን አያስረግጣትም። ድስቷ ንጹሕ፣ እጇ ርኩስ! እንዲህ ነው የሰው ነገር። ምትኬ ሳትታመም በፊት በጀማነሽ ደጅ ስታልፍ፣ አሮጊቷ ከጭቃ ትንሽ ላም ሠርታ ሰጠቻትና "ዓይንሽ እንዴት ያምራል ልጄ!" አለቻት። በቃ። ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቃል? አንጓች የጭቃዋን ላም ደፉ ላይ ፈጥፍጣ ሰበረቻት። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥራ ከልጇ አንገት አሰረች። ምትኬ ግን አልተሻላትም።

የሩፋኤል ዕለት ዝናቡ መጣ። የመንደሩ ልጆች እየጮሁ ወጡ። ምትኬ ከተኛችበት ሰማቻቸው።

"እማ" አለች። ስንት ቀን ሙሉ ቃል ያልወጣት ልጅ!

"ወይ እናቴ፣ ወይ ዓለሜ!" አለች አንጓች።

"ዝናቡን ልንካ።"

ይኸው ነው የፈለገችው። ማር አላለች። አዲስ ቀሚስ አላለች። ዝናቡን ልንካ አለች።

አንጓች ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ መሪጌታ ልሳነወርቅ ሮጠች። እሳቸው የታመመ ሁሉ የሚሄድባቸው፣ ይህን እጠቡ ያንን እጠኑ የሚሉ ሰው ናቸው።

"ልጅሽን ጦስ ይዟታል" አሏት። "ጦሷ ሳይወርድላት ዝናብ እንዳይነካት፣ ትሞትብሻለች። ከወረደላት ግን የዛሬው ዝናብ ራሱ ያድናታል። ገብስማ ዶሮ ያዢ። በራሷ ላይ አዙሪያትና 'ጦስ ጥንቡሳሷን ይዘሽ ሂጂ' በያት። መንታ መንገድ ላይ ልቀቂያት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሁን። ታዲያ ዶሮዋ ወዳ ትሸከመው። በግድ የጫኑበት ጦስ መልሶ ይጥላል።"

አንጓች ዶሮ የሚለውን ሰማች። መንታ መንገድ የሚለውን ሰማች። ፀሐይ የሚለውንም ሰማች። ወዳ የምትለዋን ቃል ግን መንገድ ላይ ጣለቻት። የተጨነቀ ሰው ጆሮ እንዲህ ነው ልጆቼ፤ እንደ ተበሳ ቅል ያንጠባጥባል።

ገብስማ ዶሮስ ነበረቻት። ከማገዶው ክምር ሥር ጫጩቶቿን ታቅፋ ተቀምጣለች።

"ዶሮዬ፣ ነይ የልጄን ጦስ ተሸከሚልኝ" አለቻት።

"አልሸከምም" አለች ዶሮ። "ባልሽ መንገድ ሲወጣ እናቴን አዞርሽለት፤ ባልሽም በጎርፍ ሄደ፣ እናቴም አልተመለሰች። ወንድ ልጅሽ ሲታመም እህቴን አዞርሽለት። ዛሬ ደግሞ ተራው የኔ ነው? እኔ ስሄድ እነዚህን ማን ያቅፋቸዋል? አንቺ ታቅፊልኛለሽ?"

እምቢ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? የሚያስገድድለት ይፈልጋል። አንጓች ቀና ብትል ከመንደሩ ዋርካ ላይ ጭልፊት ተቀምጣለች።

"ጭልፊት፣ ጭልፊት! ነይ ዶሮዋን ንጠቂልኝ!"

"ምን አድርጋ?"

"ዶሮ ጦስ አልሸከምም አለች፤ ልጄም ዝናብ ሳትነካ ልትቀር ነው።"

ጭልፊት ሳቀች። "ኧረ ጉድ! ዕድሜሽን ሙሉ ድንጋይ ስትወረውሪብኝ ኖረሽ፣ ዛሬ ደርሰሽ ንጠቂልኝ?" አለችና ሳቋን ትታ አንድ ክንፏን ዘረጋች። ክንፉ ጠማማ ነው። "አየሽው? ያንቺው ልጅ ነው በወንጭፍ የመታኝ፣ ያ የሞተው። ቂም የለኝም፤ ልጅ ነበር፣ ጫጩቱን ሊያስጥል ነው። ግን ከዚያ ወዲህ እናንተ ግቢ አልወርድም። አልነጥቅም።"

አንጓች ያንን ጠማማ ክንፍ አየችው፣ አየችው። ከወንድ ልጇ እጅ ሥራ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነው። "በደንብ ዓልሞ ነበር" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ዕንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ዋርካው ግርጌ ወረደች። ዋርካው ሽማግሌ ነው፣ የመንደሩ አድባር ነው፣ ግንዱ ቅቤ የተቀባ፤ ስለዚህ አንቱ ነው የሚባል።

"አንቱ አድባር፣ ይቺን ጭልፊት አራግፉልኝ!"

"ምን አድርጋ?"

"ጭልፊት ዶሮ አልነጥቅም አለች፤ ዶሮ ጦስ አልሸከምም አለች፤ ልጄም ዝናብ ሳትነካ ልትቀር ነው።"

ዋርካው ቅጠሉን ሳያንቀሳቅስ፣ እንደ ሽማግሌ አቋርጦ አቋርጦ ተናገረ። "አላራግፍም ልጄ። ቅርንጫፌን ተመልከቺ። ይህ ሁሉ የታሰረ ክር፣ ይህ ሁሉ ቁራጭ ጨርቅ የሰው ጭንቅ ነው። መካኗ አስራብኛለች። ልጇ የጠፋባት አስራብኛለች። እኔ ብነቃነቅ ይረግፋል፤ በሥሬ ያለፈ ሁሉ ያንን ይለብሳል። ያንቺም አለችበት፣ ያቺ ቀይዋ። ባልሽ የቀረ ጊዜ ያሰርሻት። እሷንም ላርግፋት?"

"አይ አይ፣ አያርግፏት!" አለች አንጓች፣ ሁለት እጇን እንደሚይዝ ሰው ዘርግታ።

ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከበሩ ጀርባ የባሏ መጥረቢያ ቆሟል።

"መጥረቢያ፣ መጥረቢያ! ተነሥ ዋርካውን ቁረጥልኝ!"

"ምን አድርጎ?"

"ዋርካ ጭልፊት አላራግፍም አለ፤ ጭልፊት ዶሮ አልነጥቅም አለች፤ ዶሮ ጦስ አልሸከምም አለች፤ ልጄም ዝናብ ሳትነካ ልትቀር ነው።"

አይ፣ አትሳቁ። አድባር ይቆረጣል ወይ ብላችሁ ነው የምትስቁ፤ ልክ ናችሁ፣ አይቆረጥም። እሷም ታውቃለች። ልጅ ሲሞትባችሁ ግን... ተዉት። እናንተ ይህን አትዩ።

መጥረቢያው "አልቆርጥም" አለ። "እጀታዬን ያዢው እስቲ። በማን መዳፍ ልክ ነው የተበላው?"

ያዘችው። በባሏ መዳፍ ልክ ነው።

"የመጨረሻ የቆረጥሁት የእሱን ቃሬዛ ነው" አለ መጥረቢያው። "ጎርፉ ከተፋው በኋላ፣ ጎረቤት እኔን አንሥቶ ቆረጠለት። በዚያ ቀን ስለቴ ዞረ። አልተሳልሁም። መሳልም አልፈልግም።"

አንጓች መጥረቢያውን ቀስ አድርጋ ወደ ቦታው መለሰችው። ወደ ምድጃው ዞረች። እሳቱ ከምትኬ ግርጌ በትንሹ ይነዳል።

"እሳት፣ እሳት! መጥረቢያውን አቅልጥልኝ!"

"ምን አድርጎ?" አለ እሳቱ በሹክሹክታ።

እሷም በሹክሹክታ፦ "መጥረቢያ ዋርካ አልቆርጥም አለ፤ ዋርካ ጭልፊት አላራግፍም አለ፤ ጭልፊት ዶሮ አልነጥቅም አለች፤ ዶሮ ጦስ አልሸከምም አለች፤ ልጄም ዝናብ ሳትነካ ልትቀር ነው።"

"ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች" አለ እሳቱ። "ብረት ለማቅለጥ መንደድ አለብኝ። ብነድ ማገዶሽ ያልቃል። ማገዶሽ ካለቀ እኔ አመድ ነኝ። እግሯን ዳሰስሽው? እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። እኔ አመድ ስሆን ይህን እግር ማን ያሞቀዋል? አላቀልጥም።"

እሳቱ ልክ ነው። ሁሉም እኮ ልክ ናቸው። ክፋቱም እሱ ነው።

በዚህ መሐል ምትኬ ዓይኗን ገለጠች። "እማ፣ ዝናቡ አባራ?"

"አላባራም እናቴ። አንቺን ይጠብቃል።"

"እሺ" አለችና ዓይኗን መልሳ ከደነች። አከዳደኗ አንጓችን አስፈራት። ወደ ምንጩ ሮጠች። ፀሐይዋ አዘንብላለች። በሩፋኤል ዕለት ገላውን የማይታጠብ የለምና፣ ሰው ሁሉ ታጥቦ ሄዶ ምንጩ ደፍርሶ ነበር።

"ምንጭ፣ ምንጭ! ሂድ እሳቱን አጥፋልኝ!"

"ምን አድርጎ?"

በሉ እንጂ! አብራችሁኝ በሉ! "እሳት መጥረቢያ አላቀልጥም አለ፤ መጥረቢያ ዋርካ አልቆርጥም አለ፤ ዋርካ ጭልፊት አላራግፍም አለ፤ ጭልፊት ዶሮ አልነጥቅም አለች፤ ዶሮ ጦስ አልሸከምም አለች፤ ልጄም ዝናብ ሳትነካ ልትቀር ነው።" ጎሽ።

"አላጠፋም" አለ ምንጩ። "ዛሬ ከንጋት ጀምሮ ያላራገፈብኝ የለም። አንዱ ዕከኩን፣ አንዱ ዓይነ ጥላውን፣ አንዱ መርገሙን። ሁሉም ንጹሕ ሆኖ እየሣቀ ወደ ቤቱ ገባ። የሰውን ሁሉ እድፍ የማጥብ እኔ፣ እኔን ማን ያጥበኛል? ደክሞኛል። ወዴትም አልሄድም።"

አንጓች እዚያው ከድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። ከውሃ ወዲያ ወደ ማን ይኬዳል? ዶሮም እምቢ፣ ጭልፊትም እምቢ፣ ዋርካም እምቢ፣ መጥረቢያም እምቢ፣ እሳትም እምቢ፣ ውሃም እምቢ። ፀሐይዋ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም። ደረቷን እየደቃች "ውሃ ሆይ! ውሃ ሆይ!" ትላለች።

በዚያ ሰዓት ማን መጣች መሰላችሁ? ጀማነሽ። ከሰው ጋር አታስቀዷትምና፣ ሰው ሁሉ ቀድቶ ሲሄድ ነው እሷ የምትመጣ። ገና እሳት እንጂ ውሃ ያላየ አዲስ ማሰሮ ይዛለች።

"ምን ሆነሽ ነው ከውሃ ጋር የምትጣይው?" አለቻት።

"አንቺ! አትጠጊኝ!" አለች አንጓች። አንቺ አለቻት፣ የእናቷን እኩያ! ያኔ ለሸክላ ሠሪ አንቱ አይባልም ነበር።

"አልጠጋሽም። ከዚሁ ሆኜ ልስማሽ። ምን ነው የጎደለሽ?"

አንጓች ልትሰድባት አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ስድብ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ስትለው የዋለችው እሱ ብቻ ነው ከአፏ የወጣ።

"ምንጭ እሳት አላጠፋም አለ፤ እሳት መጥረቢያ አላቀልጥም አለ፤ መጥረቢያ ዋርካ አልቆርጥም አለ፤ ዋርካ ጭልፊት አላራግፍም አለ፤ ጭልፊት ዶሮ አልነጥቅም አለች፤ ዶሮ ጦስ አልሸከምም አለች፤ ልጄም... ልጄም..."

መጨረስ አቃታት። ጀማነሽ ጨረሰችላት። "ልጅሽም ዝናብ ሳትነካ ልትቀር ነው።"

"አዎ።"

"ለመሆኑ ይህን ጦስ ልጅሽ ከየት ያመጣችው ይመስልሻል?"

አንጓች ምን ትበል? ካንቺ ትበላት?

"ከእኔ ነው የምትይው፣ አውቃለሁ" አለች ጀማነሽ። "እኔ አልበላኋትም። ግን ያ የመንታ መንገድ ነገራችሁ አለ አይደል? አንዱ የልጁን ጦስ አዙሮ እዚያ ይጥላል፤ የሌላው ልጅ ሲሮጥ ይረግጠዋል፤ የዚያኛው እናት ደግሞ አዙራ እዚያው ትጥለዋለች። እኔ ደጄ መንታ መንገዱ ላይ ነው፤ ስታደርጉ ሳያችሁ ነው ያረጀሁ። እንስራ ከአንዱ ጀርባ ወደ አንዱ ጀርባ ቢዘዋወር ውሃው አያልቅም። አንድ ሰው ቤቱ ይዞት መግባት አለበት።"

"ማን እሺ ብሎ?"

"መሪጌታ ለመጣው ሁሉ እንደሚሉት፣ 'ወዳ ትሸከመው' አላሉሽም?"

አንጓች ያቺ የጣለቻት ቃል ትዝ አለቻት። "ብለውኛል" አለች። "ማንም አልወደደም።"

"እኔን ግን አልጠየቅሽኝም።" ጀማነሽ ጎንበስ ብላ ማሰሮዋን ሞላች። "ተነሺ፣ ፀሐይዋ እየሄደች ነው። ደጅሽን ታስረግጪኛለሽ ወይስ ልጅቷን ወደ ውጭ ታወጫታለሽ?"

አንጓች ተነሣች። "ይግቡ" አለች። "እማማ፣ ይግቡ።"

ምንጩ ይህን ሁሉ ሰማ። አፈረ። ስንቱን አጥቦ አንድም ቀን እንዲህ አፍሮ አያውቅም። "የሸክላ ውሃ የሰው ጦስ ሊሸከም፣ እኔ እዚህ ተኝቼ?" አለና ገነፈለ። እንግዲህ ያዙኝ፣ አሁን ወደ ኋላ ነው!

ምንጩ እሳቱን "ላጠፋህ ነው" አለው። እሳቱ "አታጥፋኝ፣ መጥረቢያውን ላቅልጥ" አለ። መጥረቢያው "አታቅልጠኝ፣ ዋርካውን ልቁረጥ" አለ። ዋርካው "አትቁረጠኝ፣ ጭልፊቷን ላራግፍ" አለ። ጭልፊቷ "አታራግፈኝ፣ ዶሮዋን ልንጠቅ" አለች። ዶሮዋ "አትንጠቂኝ፣ ጦሱን ልሸከም" አለችና፣ ጫጩቶቿን ከኋላዋ አስከትላ፣ ክንፏን እያማታች፣ ወደ ቤት ሮጠች።

በቤት ውስጥ ግን ጀማነሽ ከምትኬ ራስጌ ተንበርክካለች። ከልጅቷ አንገት የተንጠለጠለውን ቋጠሮ አየችና አሸተተችው።

"ይህ ለእኔ ነው?"

"ለእርስዎ ነው" አለች አንጓች አንገቷን ደፍታ።

"ደግ ጤና አዳም ነው። ያቺ ላሚቷስ?"

"ሰበርኋት።"

"ግድ የለም። ጭቃ አያልቅም።"

ከዚያ ከማሰሮው እየጨለፈች የልጅቷን ራስ አጠበች፣ ከሥር በዚያው ማሰሮ እየተቀበለች። አንዲት ጠብታ መሬት አላስነካችም። እያጠበች "ጦስሽ ጥንቡሳስሽ ለኔ ይሁን" አለች። "እኔን። እኔን ልጄ።"

እናንተ ሲያደናቅፋችሁ እኔን እላችሁ የለም? ሁሉም ይላል። በመንገድ የሚያልፈው እንኳ ይላል። አንዳንድ ጊዜ ግን ልጆቼ፣ ሰሚ አለ።

በሩ ተበረገደ። ዶሮዋ ናት፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ። "መጣሁ! ልሸከም! አዙሪኝ!"

"ይመልሱት!" ብላ አንጓች የጀማነሽን እጅ ያዘች። "እማማ፣ ዶሮዋ እሺ ብላለች! ይመልሱት!"

"ወዳ ነው ወይስ ፈርታ?" አለች ጀማነሽ።

ዶሮዋ ዞራ ጫጩቶቿን አየች። ዶሮ መዋሸት አትችልም።

"ሂጂ፣ ጫጩቶችሽን ሰብስቢ" አለቻት ጀማነሽ። "እኔ የምሰበስበው የለኝም።" ማሰሮውን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ተነሣች። ከደፉ ላይ ስትራመድ መቃኑን ተደገፈች፤ ያን ጊዜ ጦሱ በእርግጥ ወደ አሮጊቷ እንደ ዞረ አንጓች ገባት። መንታ መንገዱ ላይ አሮጊቷ አልቆመችም። አልደፋችም። ዝናቡ እየወረደባት፣ ማሰሮዋን አቅፋ፣ ወደ ጎጆዋ ገባችና በሯን ዘጋች።

ምትኬ ተነሥታ ቁጭ አለች።

"እማ፣ ዝናቡ አለ?"

"አለ።"

አንጓች ልጇን አቅፋ ወጣች። ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ ላይ ናት፣ ዝናቡም ወርቅ መስሏል። ምትኬ መጀመሪያ መዳፏን ዘረጋች። ቀጥሎ ምላሷን አወጣች። ቀጥሎ "አውርጂኝ" አለች፤ ቆመች። እግሯ ጭቃ ነካ፤ ሣቀች። እናቷ ግን ወደዚያች ጎጆ እያየች ታለቅሳለች።

የተፈለገው ተገኘ። ልጅቷ ዝናቡን ነካች።

ጀማነሽ ከዚያ ቀን በኋላ ከጎጆዋ አልወጣችም። አንጓች ጠዋትም ማታም አጥሚት ይዛላት ትሄድ ነበር፤ አሮጊቷ ከንፈሯን አርጥባ ትመልሰዋለች። አደይ ሳይረግፍ ሞተች። ሰው "ቡዳም ይሞታል?" እያለ ራቅ ብሎ ቆመ እንጂ ለቀብሯ እጁን የዘረጋ አልነበረም። አንጓች ምንጩ ዘንድ ሄዳ ቀድታ አጠበቻት፤ ምንጩ አልደከመኝም አለ። የባሏን መጥረቢያ ስታነሣው እምቢ አላለም፣ በዞረ ስለቱ ቃሬዛዋን ቆረጠ። ዋርካው አንድ ቅርንጫፉን ዝቅ አደረገላት፣ የታሰረበት ክር ሳይረግፍ። እሳቱ የዚያን ዕለት ማገዶውን ሁሉ ፈጅቶ ሌሊቱን አመድ ሆነ፤ በማግሥቱ ከጎረቤት ተጫረ።

ዶሮዋ ጫጩቶቿን አሳድጋ በእርጅናዋ ሞተች። ጭልፊቷ በአንጓች ግቢ አንድም ቀን አልወረደችም፤ በሌላው ግቢ ግን ትነጥቃለች፣ ጭልፊት ናትና። መሪጌታም ዶሮ ማዘዝ አልተዉም፤ ብቻ ወዳ የምትለዋን ቃል ደጋግመው ይሏት ጀመር። መንደርተኛው አሁንም ጦሱን መንታ መንገድ ላይ ይጥላል። አንጓች ሁለተኛ አልጣለችም። አርጅታ ሞተች፤ ከጀማነሽ አጠገብ ቅበሩኝ ብላ፣ እዚያው ተቀበረች።

ምትኬ አደገች። ባዶ የቀረውን የጀማነሽን ጎጆ ገባችበት፤ ጭቃ ማቡካት ራሷን አስተማረች። በየዓመቱ ሩፋኤል ሲመጣ፣ ሰው ታጥቦ ሲሄድ፣ እሷ ወደ ምንጩ ወርዳ ቅጠሉንና እድፉን ትጠርግለታለች። እሷንም ቡዳ አሏት። አልተቆጣችም። በደጇ ለሚያልፍ ልጅ ሁሉ የጭቃ ላም ትሠራለች፤ ልጆቹ ይዘው ይሮጣሉ፣ እናቶቻቸው ደፍ ላይ ይሰብሩታል፣ እሷም ሌላ ትሠራለች።

ተረቴን ከትከሻዬ አወረድሁት ልጆቼ። ወዶ የሚሸከመው ካለ ይሸከመው።